እማዬ ኬሞ ከጀመረች ወዲህ ማስመለሱ አልቆም ብሏል፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስዱት?

የእማዬ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሁን ኬሞ ጀምራለች። በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጣት ቀዩ መድኃኒት የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋሚድ ጋር ነው። የመጀመሪያውን ዙር የወሰደች ቀን ደህና ነበረች። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ደረጃውን ራሷ ወጥታ፣ ማታ ሾርባ ጠጥታ፣ «ይኼው ነው እንዴ ያን ያህል ያስፈራሩኝ?» ብላ ተኛች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጀመራት። ከዚያ ወዲያ ለቀናት ውኃ እንኳን አልረጋላትም።

ሲሸኙን ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉ ክኒኖች በወረቀት ከረጢት አድርገው ሰጥተውናል። እሷ የገባት «ሲያስመልስሽ ውሰጂ» የተባለች ነው። ሳያማት ክኒን መዋጥ አትወድም። «ኬሞው ራሱ መድኃኒት አይደለም ወይ? በመድኃኒት ላይ መድኃኒት ሲጨመር ጉበቴን ይጨርሰዋል» ትለኛለች። ካስመለሳት በኋላ ስትውጠው ደግሞ ክኒኑም አብሮ ይወጣል።

ሌላው ሽታ ነው። የጎረቤት ቁሌት በኮሪደሩ ሲገባ፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ ወዲያው ይገለብጣታል። ስኳርም አለባት፤ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ ትወስዳለች። ሁለተኛው ዙር የሚውለው ፍልሰታ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ ጾሜን አልፈታም ብላለች። በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ሰንጋተራ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15)

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔም ያንኑ ቀዩን ጨርሼ ፓክሊታክሴል ወደሚባለው ሌላ ኬሞ አልፌ፣ ዛሬ ለክትትል ብቻ ነው የምሄደው። እናትሽ ሳቂታ መሆኗ ጥሩ ነው፣ ይህ ቀን ያልፋል።

ስለ ክኒኑ አንድ ነገር ልንገርሽ። ማቅለሽለሽ አንዴ ከተነሳ በኋላ የሚወሰድ ክኒን ብዙ አይረዳም፤ ጎርፍ ከመጣ በኋላ ቦይ እንደ መቆፈር ነው። እኔ በስልኬ ደወል ሞልቼ፣ አመመኝም አላመመኝም፣ ሰዓቱ ሲደርስ እውጥ ነበር። ደህና ነኝ ብዬ ማቆም የለም። ደህና የሆንኩት እየወሰድኩ ስለሆነ ነው።

ምግብ በትንሽ በትንሹ ስጫት። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ ደረቅ ዳቦ ወይም ትንሽ ዳቦ ቆሎ ትቅመስ። ሆድ ባዶ ሲሆን ማቅለሽለሹ ይብሳል፣ ጥግብ ሲልም እንዲሁ። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚነሳ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሻላል። እኔን ያነሳኝ ለብ ያለ የአጃ አጥሚትና እርጎ ነው። የምትወደውን ምግብ በእነዚያ ቀናት አትስጫት፤ አንዴ ከማስመለስ ጋር ከተያያዘባት ወደፊት ትጠላዋለች። ሽሮ ለእኔ እንደዚያ ሆኖብኝ ለብዙ ጊዜ ርቄዋለሁ።

ጎረቤትሽን ደግሞ አትፈሪያት፣ ንገሪያት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው የሚያስቸግረው ሳያውቅ ነው። በር ዘግታ እንድትሠራ ብትለምኛት ቅር የምትል እናት ያለች አይመስለኝም።

ሲስተር ከኬሞ ክፍል (ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05)

ኬሞ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የእናትሽን ካርድ ስላላየሁ መጠን የሚወስነው ሐኪሟ ነው፤ እኔ ግን ለሐኪሙ ምን ብለሽ እንደምትነግሪው ልረዳሽ እችላለሁ።

ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ ነገር «የተሰጣት ቀን ደህና ነበረች፣ በማግስቱ ጀመራት» ያልሽው ነው። ከኬሞ በኋላ የሚመጣ ማስመለስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚመጣው ነው። መድኃኒቱ የአንጀትን ግድግዳ ሲነካ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፣ እሱም ወደ አንጎል ማስመለሻ ማዕከል መልእክት ይልካል። ኦንዳንሴትሮን የሚዘጋው ይህንን መንገድ ነው፤ በእናትሽ ላይም ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ የሚቆየው ነው። የዚህኛው መንገድ በአብዛኛው ሌላ ነው፤ ሰብስታንስ ፒ የሚባል መልእክተኛ ነው በብዛት የሚሠራው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ኦንዳንሴትሮንን ብቻ መደጋገም ብዙ ላያግዛት ይችላል፣ ሆዷን ግን ያደርቀዋል።

ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋሚድ አብረው ሲሰጡ ከፍተኛ የማስመለስ አቅም ካላቸው ኬሞዎች ይመደባሉ። ለዚህ ዓይነቱ ኬሞ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች አራት መድኃኒት አጣምሮ መስጠትን ይመክራሉ፤ ኦንዳንሴትሮን ወይም የእሱ ወገን፣ ዴክሳሜታዞን፣ አፕሪፒታንት ወይም የእሱ ወገን፣ እና ኦላንዛፒን። አፕሪፒታንት ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ኦላንዛፒን ግን ርካሽ ነው፣ ማታ አንድ ክኒን ነው፣ ለዘገየው ማቅለሽለሽ በጣም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት እናትሽ የምትወስደውን ዓይነት ኬሞ ወይም ሲስፕላቲን የሚባለውን ሌላ ኬሞ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሞክሮታል። ሌሎቹን ሦስት መድኃኒቶች ሁሉም ወስደዋል። በአምስቱ ቀናት ውስጥ ፈጽሞ ያላቅለሸለሻቸው ኦላንዛፒን ከተጨመረላቸው 37 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው 22 በመቶ ነበሩ።

ስለዚህ ሐኪሟን «ማስመለሱ የጀመረው በማግስቱ ነው፣ ይህን ያህል ቀን ቆየ፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ አስመለሳት፣ ክኒኑን እንዲህ ነው የወሰደችው» በዪው። «ትንሽ አሟት ነበር» ብላችሁ ከወጣችሁ ያው መድኃኒት ይደገማል። እናቶቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላሉ። ተመስገኑ መልካም ነው፣ የሆነው ነገር ግን በወረቀት ተጽፎ ሐኪሙ እጅ ይግባ።

ጉበቴን ይጨርሰዋል ላለችው፦ ለጥቂት ቀን የሚወሰዱት እነዚህ ክኒኖች አይደሉም የሚያሰጉን። ለቀናት ውኃ ሳይረጋላት መክረሟ ኩላሊቷን ይጎዳል፣ ጉልበቷን ያሟጥጣል፣ ቀጣዩ ዙርም እንዲዘገይ ወይም መጠኑ እንዲቀነስ ያደርጋል። ማቅለሽለሹን የምናክመው ለምቾቷ ብቻ አይደለም፤ ኬሞው በቀኑና በልኩ እንዲሰጣት ነው።

የእማዬ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንም እንዲህ አብራርቶ ነግሮን አያውቅም። ሰንጋተራ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ፤ ያልሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። ስኳሯን በተመለከተስ? ዴክሳሜታዞን ስኳር ይጨምራል ሲባል ሰምቻለሁ። ኦላንዛፒንን ደግሞ ስጠይቅ አንድ ዘመዳችን «የአእምሮ ሕመምተኛ የሚወስደው ነው» አለችኝና ደነገጥኩ።

ፋርማሲስቱ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

ሜክሲኮ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል።

ዘመድሽ አልተሳሳተችም፤ ኦላንዛፒን መጀመሪያ የወጣው ለአእምሮ ሕመም ነው። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ግን ለጥቂት ቀናት፣ ብዙውን ጊዜም በትንሽ መጠን ነው። በወረቀቱ ላይ ያለውን አንብበው ክኒኑን የሚመልሱልን ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘው ሳትጠይቁ አትመልሱ። እንቅልፍ ያመጣል፣ በተለይ በሁለተኛው ቀን። ስለዚህ ማታ ይወሰድ፣ ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትነሳ ሰው ይያዛት። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ሐኪሞች ከ10 ሚሊግራም ይልቅ 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ያዛሉ። ቤት ውስጥ ፕላዚል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራሚድ፣ ካላችሁ ከኦላንዛፒን ጋር አብራችሁ አትስጧት። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ በኩል ስለሆነ አብረው ሲወሰዱ አንገትና መንጋጋ ማጣመም፣ መቁነጥነጥ ሊያመጡ ይችላሉ።

ዴክሳሜታዞን ስኳርን በእርግጥ ከፍ ያደርጋል። ጠዋት ከተወሰደ ከሰዓትና ማታ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው፤ ስለዚህ ጠዋት ብቻ ለክታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። ጠዋት ከምግብ ጋር ትውሰደው። ማታ ከወሰደችው እንቅልፍ ያሳጣታል፣ ጨጓራዋንም ሊነካት ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ግሊበንክላማይዱ ነው። ምግብ ሳይረጋላት ያንን ክኒን እንደወትሮው ከዋጠችው ስኳሯ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ግራ ከገባት ቶሎ ለክታችሁ ጣፋጭ ነገር ስጧት። ሜትፎርሚንም ሰውነቷ ውኃ ባጠረው ጊዜ ለጥቂት ቀን መቆም ይኖርበት እንደሆነ ይጠየቅ። ይህንን ከሁለተኛው ዙር በፊት የስኳር ሐኪሟም የኬሞ ሐኪሟም ይወቁት። እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ሲመጣ ዴክሳሜታዞኑን ለመጀመሪያው ቀን ብቻ አድርገው ቀሪውን በኦላንዛፒን የሚሸፍኑ ሐኪሞች አሉ፣ እሱንም ጠይቂ።

ስለ መድኃኒት ማግኘት ደግሞ፦ ማዘዣው እጅሽ እንደገባ ፈልጊው፣ የኬሞውን ቀን አትጠብቂ። ሆስፒታሉ ከሌለው ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን አስቀድሚ፣ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ይሻላል። ማዘዣውን በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ያዢ። በቴሌግራም «ከውጭ የመጣ አለኝ» ከሚሉ ሰዎች አትግዢ፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንደቆየ ማንም አያውቅም።

እመብርሃን ትርዳን (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30)

እህቴ፣ መድኃኒቱም ጥሩ ነው፣ ግን የአያቶቻችንንም አትርሺ። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል በጤና አዳም አፍልተሽ ስጫት። ለእኅቴ ጥቁር አዝሙድ በማርና ሽፈራው ቅጠል ተወቅጦ ይሰጣት ነበር፣ ብርታት ሰጥቷታል። ጠበሉንም በየጠዋቱ ትጠጣ። ኪዳነ ምሕረት ታውቃለች።

ሲስተር ከኬሞ ክፍል (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00)

እመብርሃን ትርዳን፣ በፍቅር እንደጻፍሽው ይገባኛል፣ እምነቷንም ማንም እንዲነጥቃት አልፈልግም። ቀጠን ያለ የዝንጅብል ሻይ አንድ ሁለት ሲኒ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፣ አንዳንዱንም ያረጋጋዋል። የሚያሳስበኝ በብዛት ተወቅጦ የሚጠጣው ነው። ኬሞን የሚያጣራው ጉበት ነው፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰዱ ከመድኃኒቱ ጋር ምን እንደሚሠሩ በልኩ የተጠና የለም። የጉበት ምርመራው ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ ከኬሞው ይሁን ከቅጠሉ መለየት ይቸግረዋል፣ ዙሩም ይቆማል። የምትወስደው ካለ ቢያንስ አትደብቁን፤ እኛ አንቆጣም።

ጠበሉን በተመለከተ፣ ከኬሞ በኋላ በተለይ በሁለተኛው ሳምንት ነጭ የደም ሴሏ በጣም ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ያልፈላ ውኃ፣ ከየትም ይምጣ፣ ለእሷ አደጋ አለው። አሁን ደግሞ ክረምት ነው፣ ውኃው የሚደፈርስበት ጊዜ ነው። የሚያውቋት ካህን ቤት መጥተው ቢጸልዩላትና መስቀል ቢያሳልሟት ለጤናዋ አይጎዳም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር፤ ሰላጣውም በደንብ ካልታጠበ ይቅርባት። ጠላና ጠጅም እንደዚሁ።

ጾሙን ለንስሐ አባቷ ንገሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እሳቸው ሲሏት ነው የምትሰማው እንጂ እኛ ስንላት አይደለም። ያውም ስኳር ኖሮባት እስከ ቅዳሴ መውጫ ባዶ ሆዷን መዋሏ ከማስመለሱ ጋር ሲደመር ከባድ ነው። ከሥጋና ከወተት መታቀብ ብቻ ከፈለገች ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍ ፍትፍትና የአጃ አጥሚት አሉላት፤ በርበሬው ግን ይቀነስ።

የወሎ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡45)

እኔ አባቴን ከደሴ አምጥቼ ነው የማሳክመው። መጀመሪያ ዘመድ ቤት ነበርን፣ በኋላ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ እንዳለው ሰማንና ጠየቅን። ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ ካላችሁ ጠይቁ።

ሲስተር ስለ ነጭ የደም ሴል የጠቀሱትን አጥብቄ ልናገር፣ ምክንያቱም ማስመለሱን ሁሉም ያወራል፣ ስለ ትኩሳት ግን የሚነግር የለም። አባቴ ኬሞ በወሰደ በሁለተኛው ሳምንት ማታ ላይ ብርድ ብርድ አለው። ቴርሞሜትር ገዝተን ስለነበር ለካነው፣ 38.4 አለ። አጎቴ «ብርድ ነው፣ ፓራሲታሞል ስጠውና ይተኛ» አለኝ። ከኬሞ በፊት የሰጡን ወረቀት ላይ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ኑ ስለሚል ታክሲ ይዘን ሄድን። በር ላይ ገና ስንገባ «ኬሞ ላይ ነው፣ ትኩሳት አለው» አልኩ። ያንን በማለታችን ወረፋው ውስጥ አላስቀመጡንም፤ ደም ወሰዱ፣ ወዲያው በደም ሥሩ አንቲባዮቲክ ጀመሩለት። ነጭ የደም ሴሉ በጣም ወርዶ ነበር። ሐኪሟ በኋላ ስትነግረኝ፣ እስከ ጠዋት ብንቆይ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምናወራው።

ቴርሞሜትር ሳትገዙ ኬሞ አትጀምሩ።

ሲስተር ከኬሞ ክፍል (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15)

የወሎ ልጅ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ይህንን ጽሑፍህን አትሜ ክፍላችን በር ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ጥቂት ልጨምር።

ከመለካታችሁ በፊት ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ብብት ሥር ሲለካ ከአፍ ትንሽ ዝቅ ስለሚል 37.5 ካለፈ ደግማችሁ ለኩ፣ ትኩረት ስጡት። ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ብርድ ብርድ ካለው፣ ከተዝለፈለፈ፣ ከተቀባዠረ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ይዛችሁት ሂዱ። መኪና ካጣችሁ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንቲባዮቲኩ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው የምንሠራው፣ ስለዚህ «ኬሞ ላይ ነው» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገሩ።

ጤና ለሁላችን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ነጭ የደም ሴል የሚያሳድግ መርፌ አለ አይደል? ፊልግራስቲም። ለምን ሁሉም ሰው ከየዙሩ በኋላ አይወስደውም? ለእናቴ በየጊዜው መግዛት አለብን ወይ ብዬ ነው፣ ዋጋው ከብዶናል።

ፋርማሲስቱ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50)

ለሁሉም ሰው አይታዘዝም። ሐኪሙ የሚያየው የኬሞውን ዓይነት፣ ዕድሜን፣ ሌላ ሕመም መኖሩን፣ ባለፈው ዙር ትኩሳት ይዞት እንደነበር ነው። ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ወይም አንዴ በትኩሳት የተኛ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። የደም ውጤቱ ዝቅ ስላለ ብቻ ራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ከታዘዘ ግን አያያዙን እወቁ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ከመድኃኒት ቤት ስትወስዱት በረዶ ያለበት ሳጥን ይዛችሁ ኑ፣ መርፌው ግን በረዶውን በቀጥታ አይንካ፤ በረዶ ከሠራም ሆነ ታክሲ ውስጥ ፀሐይ ላይ ከቆየ ዋጋውን ያጣል። ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣው በረዶ ቤት አታስገቡት፣ መብራት ሲጠፋም ማቀዝቀዣውን ደጋግማችሁ አትክፈቱት። ኬሞው ካለቀ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይወጋም። አጥንት ይቆረጥማል፣ ወገብና ጭን ላይ፤ ያ መድኃኒቱ መሥራቱ ነው። ፓራሲታሞል ይረዳል፣ ከመዋጣችሁ በፊት ግን ትኩሳት ለኩ፣ ሲስተር እንዳሉት።

ሰንጋተራ (ሐሙስ፣ ቀን 9፡00)

አፍ መቁሰልን ማንም አላነሳም፤ እኔን ከማስመለሱ ይልቅ እሱ ነው ያሰቃየኝ። ውኃ ሲነካኝ እንኳን እንደ እሳት ነበር። በኋላ ነርሶቹ ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ፣ ከምግብ በኋላ ሁሉና ማታ ከመተኛት በፊት መጉመጥመጥ፣ ከዚያ መትፋት። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ከመቁሰሉ በፊት መጀመር ይሻላል። መፋቂያ በዚያ ሰሞን ይቅር፣ ድድ ያቆስላል፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይገዛ። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ያቃጥላል። ሚጥሚጣና በርበሬ፣ ሎሚና ቲማቲም ለጊዜው ይቅሩ።

ፋርማሲስቱ (ሐሙስ፣ ቀን 9፡25)

ሱቅ ስትሄዱ ቤኪንግ ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር እንዳትይዙ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የእማዬ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ጠፍቼ የነበረው ሁለተኛው ዙር ስለነበረ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰውም ይጠቀምበት ይሆናል።

ቀጠሮው ላይ ሲስተር እንዳሉኝ ሁሉንም በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። እማዬ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ ልጄ» አለችው፣ እኔ ወረቀቱን አቀበልኩት። ሐኪሙ እስከ መጨረሻው አነበበውና «ይህንን ባለፈው ለምን አልነገራችሁኝም?» አለን። ዴክሳሜታዞኑን ለመጀመሪያው ቀን ብቻ አደረገው፣ ማታ ማታ በትንሽ መጠን ኦላንዛፒን ጨመረላት። ግሊበንክላማይዱን በደንብ ባልበላችባቸው ቀናት እንዳትወስደው ነገራት፣ ሜትፎርሚኑንም መቼ እንደምታቆም ጻፈልን። ነርሷ ደግሞ እያንዳንዱን ክኒን ሰዓቱን በአማርኛ ከረጢቱ ላይ ጻፈችልን። እማዬ ያን ጽሑፍ ስታይ ነው ያመነችው፤ ያለመነፅር ልታነበው ችላለች።

ማቅለሽለሹ ጨርሶ አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ጥቁር ብሎ ዋለ። ግን አጥሚቱ ረጋላት፣ ውኃ ጠጣች፣ ራሷ ተነሥታ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ካለፈው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሁለተኛው ቀን ብዙ ተኝታ ዋለችና ደንግጬ ነበር፣ ፋርማሲስቱ ስለ እንቅልፉ ስለጻፉልኝ ተረጋጋሁ። ስኳሯ በመጀመሪያው ቀን ማታ ከፍ አለ፣ ከዚያ ተመለሰ።

ያልጠበቅነው ሆድ ድርቀት ነው። ያንን ፈርታ ኦንዳንሴትሮኑን ልታቆም ነበር። ጎረቤታችን፣ ያቺው የቁሌቷ ጎረቤት፣ ተልባ አምሳ አመጣችልን። ነግሬያት ነበር፣ አሁን በር ዘግታ ነው የምትሠራው፤ ቡናዋንም ወደ ታች ወርዳ ግቢ ውስጥ ትቆላዋለች። እግዜር ይስጣት። ተልባው ይበቃል ወይስ መድኃኒት ያስፈልጋል?

ንስሐ አባቷም መጥተው ነበር። «አንቺ ዘንድሮ ጾምሽ ይኼ ሕመም ነው፣ ብዪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር መከራከር ትታለች።

ሲስተር ከኬሞ ክፍል (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00)

እልል! ደስ ብሎኛል። ተልባው ጥሩ ነው፣ ከብዙ ውኃ ጋር ከሆነ፤ ውኃ ካልጠጣችበት ይባስ ያደርቃታል። ማር አትጨምሩበት። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ካልወጣች ቢሳኮዲል የሚባለው የሆድ ድርቀት መድኃኒት ይታዘዝላት፣ ለሦስተኛው ዙር ደግሞ ኦንዳንሴትሮኑን በጀመረችበት ቀን አብራ ትጀምረው። በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ወይም የሆድ ማጠቢያ ነጭ የደም ሴሏ በወረደበት ጊዜ አይደረግ። ተቅማጥ ከሆነባት ደግሞ ኦአርኤስ ስጧት፤ ተቅማጥ የሚያቆመውን ሎፔራሚድ ግን ትኩሳት ካለባት ወይም ደም ካየች ሐኪም ሳያያት አትውሰድ።

ሽንቷ ቀይ ሆኖ ካየሽ ከኬሞው በኋላ አንድ ሁለት ቀን የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጪ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ትውከቷን ወይም ሽንቷን የምታጸጂ ከሆነ ግን ጓንት አድርጊ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ያንን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው።

ጉለሌ (እሑድ፣ ቀን 6፡40)

ሁሉንም አነበብኩ፣ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ ከፓክሊታክሴል በፊት በዋዜማው ማታ ዴክሳሜታዞን እንዲወስድ ተነግሮታል። ያቅለሸለሸው ስለሌለ አልወስድም ይላል። ይቅር ወይ?

ፋርማሲስቱ (እሑድ፣ ቀን 8፡05)

አይቅር። ያ ዴክሳሜታዞን ለማቅለሽለሽ አይደለም። ፓክሊታክሴል የሚሟሟበት ፈሳሽ ጠንካራ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሰውነትን ለመከላከል ነው የሚሰጠው፤ ከመንጠባጠቡ በፊትም የአለርጂ መርፌ ይጨመርለታል። ረስቶት ከሄደ ግሉኮሱ ከመሰካቱ በፊት ለነርሷ «አልወሰድኩም» ይበላት፣ እዚያው በደም ሥሩ ይሰጡታል። ሲንጠባጠብለት ደረቱ ከጠበበ፣ ፊቱ ከጋለ ወይም ካሳከከው በዚያው ቅጽበት ይጥራቸው፣ እስኪያልቅ ልታገሥ አይበል።

ጣቶቹና የእግሩ ውስጥ መደንዘዝ ከጀመረም በየዙሩ ይንገራቸው። ሸሚዝ መቆለፍ ካቃተው፣ ጫማው ሳይታወቀው ከእግሩ ከወለቀ፣ ያ መጠን መቀነስ ወይም ማቆየት ሊያስፈልገው ይችላል። በኋላ ከመታከም አሁን መናገሩ ይሻለዋል፣ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላልና። በዋዜማው ክኒኑን ከእራት ጋር ይውሰድ፤ እንቅልፍ ቢያሳጣው ለአንድ ሌሊት ነው።